ከግራም ከቀኝም፦ ሂፖካምፐሱ ከሁለቱም ወገን የተወሰደበት ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

በ1953 በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ አንድ የ27 ዓመት ወጣት ለሚጥል በሽታ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሽታው ቀነሰለት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገጥመውን አዲስ ነገር በአእምሮው ማቆየት ተሳነው። እስኪሞት ድረስ በሕክምና ጽሑፎች የሚጠራው በሁለት ፊደላት ብቻ ስለነበር እዚህም «ታካሚው» ይባላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንጎልን ክፍሎች በሥዕል ላይ እየጠቆሙ መጥራት ብዙ አይከብድም። አንድ ክፍል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ያ ክፍል ሲጎድል ምን አብሮ እንደሚጎድል ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ሰው አንጎል የጎደለው በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ቦታ ነው፤ የጎደለበት ቀን ይታወቃል፤ ከዚያም በኋላ 55 ዓመት ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ ተመርምሯል። ስለ ማስታወስና ስለ አንጎል አሠራር ከሚታወቀው ብዙው ነገር የተነሣው ከእነዚህ ምርመራዎች ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

በልጅነቱ ብስክሌት ገጭቶት ጭንቅላቱ ተጎድቶ ነበር። ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ለጥቂት ሰከንድ ራሱን የሚያስቱ ቀላል ጥቃቶች፣ ከ15 ዓመቱ ወዲህ ደግሞ መላ ሰውነቱን የሚያንፈራግጡ ከባድ ጥቃቶች ይደርሱበት ጀመር። በአባቱ ወገን የሚጥል በሽታ የነበረባቸው ዘመዶች ስለነበሩ መነሻው ግጭቱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

በ27 ዓመቱ በአማካይ በቀን 10 ቀላል፣ በሳምንት አንድ ከባድ ጥቃት ይደርስበት ነበር። ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታል፣ ትራይሜታዳዮንና ሜፌኒቶይን የሚባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በከፍተኛ መጠን ቢሰጡትም አልበጀውም፤ ሥራውንም ለመተው ተገደደ።

የጉዳዩ ዋና ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንጎልን ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢኢጂ ጥቃቱ የሚነሣበትን አንድ ቦታ አላሳየም። የተዛባው ሞገድ በሰፊው የተሠራጨ ነበር። «መነሻው ይህ ነው» የሚባል ስፍራ ሳይገኝ ነው ቀዶ ሕክምናው የተወሰነው። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ በኋላ ባሳተመው ዘገባ ሥራው ሙከራ እንደነበር በግልጽ ጽፏል።

የተቆረጠው ቦታ የት ነው?

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሦስት ታላላቅ ክፍሎች አሉት፦ ዋናው አንጎል፣ ከኋላ በታች ያለው ትንሹ አንጎል፣ ከሕብለ ሰረሰር ጋር የሚያገናኘው የአንጎል ግንድ። ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና ንቃትን የሚጠብቀው ግንዱ ነው፤ በዚህ ጉዳይ አልተነካም።

ዋናው አንጎል ግራና ቀኝ ሁለት ንፍቆች ያሉት ሲሆን፣ ከላዩ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቅርፊት ተሸፍኗል። እያንዳንዱ ንፍቅ በአራት ይከፈላል። የፊተኛው ክፍል ያቅዳል፣ ራስን ይገዛል፤ በኋለኛው ጠርዙ ያለው ቅርፊት ደግሞ ጡንቻን ያዝዛል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የላይኛው ክፍል የመዳሰስና የቦታ ስሜትን ይይዛል። የኋለኛው ክፍል የማየት ነው። በጆሮ ግንድ በኩል ያለው አራተኛው ክፍል፣ ቴምፖራል የሚባለው፣ መስማትን፣ ፊትንና ዕቃን መለየትን፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ በግራ በኩል የቃልን ትርጉም መረዳትን ይሠራል።

ይህ የቴምፖራል ክፍል ከውጭ የሚታይ ጎን አለው፤ ወደ አንጎሉ መሐል የተጠቀለለ ውስጣዊ ጎንም አለው። ቀዶ ሕክምናው የነካው ውስጣዊውን ነው። ከፊት ወደ ኋላ ሲሄዱ መጀመሪያ የክፍሉ ጫፍ ይገኛል። ቀጥሎ ለውዝ የምትመስለው አሚግዳላ አለች፤ ፍርሃትንና ሌሎች ስሜቶችን ከሚገጥመን ነገር ጋር ታያይዛለች። ከእሷ ኋላ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ የታጠፈው ሂፖካምፐስ ይጋደማል፤ በግሪክ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፣ ቅርጹ ስለሚመስል። ከሥሩ የሚነጠፈው ቅርፊት ፊተኛው ኤንቶራይናል፣ ኋለኛው ፓራሂፖካምፓል ይባላል።

ጉዳዩ የሚገባው የእነዚህ ክፍሎች ግንኙነት ሲታወቅ ነው። ያየነውና የሰማነው ከአንጎል ቅርፊት ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ኤንቶራይናል ቅርፊት ይገባል። ይህ ቅርፊት ወደ ሂፖካምፐስ የሚያስገባ ዋናው በር ነው። ከዚያ መልእክቱ በሂፖካምፐስ ውስጥ ከአንዱ የሕዋሳት ረድፍ ወደ ሌላው ተላልፎ ከፊሉ በዚያው በር ወደ ቅርፊቱ ይመለሳል፤ ከፊሉ ፎርኒክስ በሚባል የነርቭ ጥቅል በኩል በአንጎሉ ሥር ወዳሉት ሁለት ትንንሽ እብጠቶች፣ ወደ ማሚላሪ አካላት፣ ከእነሱም በአንጎሉ መሐል ወዳለው መልእክት አስተላላፊ ክፍል፣ ወደ ታላመስ ይሄዳል። እንግዲህ ኤንቶራይናሉ ከተወሰደ ሂፖካምፐሱ በከፊል ቢተርፍ እንኳ የሚደርሰው መልእክት እጅግ ትንሽ ነው። በዚህ ታካሚ ላይ የሆነው ይህ ነው።

የተከናወነው

ከቅንድቡ በላይ በራስ ቅሉ ላይ 3.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ተከፈቱ። የተደነዘዘው የራስ ቆዳው ብቻ ነበር፤ የአንጎል ሥጋ ራሱ የሕመም ስሜት ስለሌለው ታካሚው ነቅቶ ነበር። የፊተኛው ክፍል በጠፍጣፋ መሣሪያ ቀና ተደርጎ መንገዱ ተከፈተ። በቴምፖራል ክፍሉ ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚቀበል ሽቦ (ኤሌክትሮድ) ተደርጎ ሲፈለግ አሁንም መነሻው አልተገኘም። ሆኖም የሁለቱም ወገን ውስጣዊ ጎን በመምጠጫ ቱቦ ተመጥጦ ወጣ። በዘገባው የሰፈረው ግምት ከጫፉ ወደ ኋላ 8 ሴንቲ ሜትር የሚል ነው።

ሁለቱም ወገን አንድ ላይ የተነካው ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ስላልታወቀ ነው። የአንጎል ክፍሎች አብዛኞቹ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል። ሁለቱ ሲጠፉ የሚሸፍን የለም።

የተሻለው

ጥቃቶቹ በእጅጉ ቀነሱ፤ ከባዶቹ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጡ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አልተቋረጠም። ጠባዩ አልተለወጠም፤ ጨዋና ታጋሽ እንደነበረ ቆየ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 104 የነበረው የአእምሮ ብቃት ነጥቡ በ1955 ሲለካ 112 ሆነ። ከጥቃቶቹ ፋታ ማግኘቱ ሳይረዳው አልቀረም። በዚህ ነጥብ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቀዶ ሕክምናው ያለ ጉዳት የተሳካ ይመስለው ነበር።

የጠፋው

በሆስፒታሉ ውስጥ በየቀኑ የሚያስታምሙትን ሰዎች ማወቅ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን መንገድ መያዝ አልቻለም። ቤተሰቡ ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር አዲሱን አድራሻ ሊለምደው አልቻለም። ትናንት ሣር ያጨደበትን ማሽን ዛሬ የት እንዳለ እናቱ ካልነገሩት አያገኘውም። አንድ መጽሔት ደጋግሞ ሲያነብ ሁልጊዜ አዲስ ይሆንበታል። ሚያዝያ 1955 ላይ ቀኑን ሲጠየቅ መጋቢት 1953 ነው አለ፤ ዕድሜውንም 27 አለ። የማስታወስ ነጥቡ 67 ሆኖ ተመዘገበ፤ ከአእምሮ ብቃቱ በ45 ነጥብ ያነሰ ማለት ነው።

ጉድለቱ የትኩረት ማነስ አልነበረም። 584ን እንዲይዝ ተነግሮት ብቻውን ሲቀመጥ 15 ደቂቃ ያህል ይዞት ቆየ። አሃዞቹ ሲደመሩ 17፣ 8ን ሲያስታውስና ከ17 ሲቀንስ 9፣ 9 ደግሞ 5 እና 4 ብሎ ሲከፍል እየተመላለሰ ነበር ያቆየው። ወሬ ተጀምሮ ሐሳቡ ከተቋረጠ በኋላ ግን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥር መሰጠቱንም ረሳ። አንድን ነገር ለጥቂት ጊዜ በእጅ ይዞ ማሰብ በፊተኛውና በላይኛው ክፍል ቅርፊት የሚሠራ ነው፤ እነዚያ አልተቆረጡም። የተቋረጠው ያንኑ ወደ ዘለቄታ ማሻገር ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው ትዝታም ሙሉ በሙሉ አልተረፈም። መጀመሪያ የጠፋው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ብቻ መስሎ ነበር፤ በኋላ በተደረጉ ፈተናዎች ክፍተቱ እስከ 11 ዓመት ወደ ኋላ እንደሚሄድ ታየ። የልጅነቱ ነገር ተርፎለታል። አሮጌ ትዝታ ከጊዜ ጋር በቅርፊቱ ውስጥ እየተደላደለ በሂፖካምፐስ ላይ ያለው ጥገኝነት እንደሚቀንስ የተገመተው ከዚህ ነው።

ሌሎች ጉድለቶችም ነበሩ። ሽታ መኖሩን ያውቃል፣ የምን ሽታ እንደሆነ ግን አይለይም። ስለ ረሃብና ስለ ሕመም የሚሰጠው ግምትም የደበዘዘ ነበር፤ እራቱን በልቶ ከጨረሰ ከደቂቃ በኋላ ሌላ ሙሉ እራት ሲቀርብለት በልቷል። ይህን መርሳት ብቻ ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስልም፤ አሚግዳላዎቹ መወሰዳቸውም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ያልጠፋው

ትልቁ ግኝት የመጣው ከዚህ ነው። በ1962 በታተመ ሙከራ ታካሚው ባለ ሁለት መስመር ኮከብ ተሰጠው። ሥራው እጁን ሳይሆን በመስታወት የሚታየውን የእጁን ምስል እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል እርሳስ ማስኬድ ነው። መስታወቱ አቅጣጫን ስለሚገለብጥ ለማንም ሰው መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። በቀን 10 ጊዜ፣ ለ3 ቀን ሞከረ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ ከመስመር ወጣ፤ ቀስ በቀስ ቀነሰ። በሁለተኛው ቀን እንደ አዲስ አልጀመረም፤ ትናንት ከደረሰበት ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን ስሕተቱ ጥቂት ሆነ። በየቀኑ ግን ሥራውን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደማያውቅ ይናገር ነበር።

እጁ ተምሯል፤ እሱ መማሩን አያውቅም። ስለዚህ ማስታወስ በአንድ ቦታ የሚሠራ አንድ ሥራ አይደለም። አንድን ድርጊት፣ ሰውን፣ ወሬን የምናስታውስበት መንገድ በሂፖካምፐስና በአካባቢው ያልፋል። እጅ በልምድ የሚማርበት መንገድ ግን በአንጎሉ ውስጥ ጠልቀው ባሉት ቤዛል ጋንግሊያ በሚባሉ የሕዋሳት ክምችቶች፣ በትንሹ አንጎልና እንቅስቃሴን በሚያዝዘው ቅርፊት ይሄዳል፤ እነዚያ በቢላዋም በመምጠጫም አልተነኩም ነበር።

ንጽጽሩን የሚያጠናክር ሌላ ፈተና አለ። ትክክለኛውን መንገድ ደረጃ በደረጃ መያዝ የሚጠይቅ የውስብስብ መንገድ ፈተና ከ200 ጊዜ በላይ ሞክሮ አልተሻሻለም። ይህ የእጅ ቅልጥፍና ሳይሆን «እዚህ ጋ ወደ ቀኝ» የሚል ትውስታ ነው። የተቆራረጡ ሥዕሎችን አይቶ ምን እንደሆኑ እንዲናገር ሲጠየቅ ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲደግመው በፊት ካስፈለገው ባነሰ ፍንጭ ለያቸው፤ ማየቱን ግን አያስታውስም።

አንድ ያልተጠበቀ ነገርም ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለዓመታት የኖረበትን ቤት የክፍሎች አቀማመጥ በወረቀት ላይ መሣል ቻለ። ከተረፈው የፓራሂፖካምፓል ቅርፊት ጋር ያያያዙት አሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ቀናት መደጋገም ጥቂት ነገር ማስገባቱን ያሳያል።

በምስልና ከሞት በኋላ የታየው

ለ40 ዓመት ያህል የጉዳቱ ወሰን በአብዛኛው የሚታወቀው በቀዶ ሐኪሙ ግምት ነበር። በ1990ዎቹ የተነሡትና በ1997 የታተሙት የኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሡ) ምስሎች ጉዳቱ በግራ 5.4፣ በቀኝ 5.1 ሴንቲ ሜትር እንጂ 8 እንዳልሆነ አሳዩ። አሚግዳላዎቹና ኤንቶራይናሉ ከሞላ ጎደል ሄደዋል፤ ከሂፖካምፐሱ ከኋላ በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቷል፤ የቀረውም ተመናምኖ ነበር። ማሚላሪ አካላቱ ጠበዋል። ትንሹ አንጎሉም ክፉኛ ተመናምኖ ተገኘ። ይህ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ አይደለም፤ ለረጅም ዓመታት በሚወሰድ ፌኒቶይን የሚመጣ የታወቀ ጉዳት ነው።

ታካሚው በታኅሣሥ 2008 በ82 ዓመቱ አረፈ። አንጎሉ ከአንድ ዓመት በኋላ በሳን ዲያጎ፣ ካሊፎርኒያ በቅዝቃዜ እንዲጠነክር ተደርጎ በ53 ሰዓት ውስጥ እያንዳንዳቸው 70 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ባላቸው 2,401 ቁራጮች ተከፋፈለ። በ2014 የታተመው ውጤት ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጨመረ፦ በግራው የፊተኛ ክፍል ሥር ትንሽ ጠባሳ። ክፍሉ ቀና የተደረገው በዚያ በኩል ስለነበር መንገድ ሲከፈት የደረሰ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገረው

በ1957 የታተመው ዘገባ ይህን ታካሚ ብቻ ሳይሆን በድምሩ 10 ሰዎችን ይዞ ነበር። ጫፉና አሚግዳላው ብቻ የተወሰደባቸው ትውስታቸው አልተጎዳም፤ ቁርጡ ወደ ኋላ ወደ ሂፖካምፐስ በገባ መጠን ጉዳቱ ከበደ። ከአንድ ሰው መደምደም አደገኛ ነው፤ ሂፖካምፐስን ለመጠርጠር ያስቻለው ይህ የደረጃ ንጽጽር ነው። ቀዶ ሐኪሙም ሌሎች ሁለቱን ወገን እንዳይነኩ አስጠንቅቋል።

አንድ ወገን ብቻ መቁረጥም ሌላው ጤነኛ ካልሆነ ያንኑ ጥፋት ያመጣል። በሞንትሪያል በግራ በኩል ብቻ ተቆርጦ ትውስታው የጠፋ ሰው ሲሞት አንጎሉ ተመርምሮ የቀኙ ሂፖካምፐስ ከድሮ ጀምሮ የተኮማተረ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በኋላ የተለመደው ጥንቃቄ አሞባርቢታል የሚባለውን የሚያስተኛ መድኃኒት በአንገት ደም ቧንቧ በኩል ወደ አንዱ ንፍቅ በመስጠት ለጥቂት ደቂቃ ማስተኛት፣ በዚያ ጊዜ ዕቃዎችን ማሳየት፣ መድኃኒቱ ሲያልፍ የትኞቹን እንዳየ መጠየቅ ነበር። ሊቆረጥ የታሰበው ወገን ተኝቶ የነቃው ብቻውን ካልያዘ መቁረጥ አይገባም። ዛሬ በኤምአርአይ የሂፖካምፐሶችን መጠን ማወዳደርና ዝርዝር የማስታወስ ፈተና ይህን ሥራ በአብዛኛው ይሸፍናሉ።

ማስታወስን የሚመረምር ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ለይቶ ይለካ፦ ወዲያው መድገምን፣ በመካከል ሌላ ሥራ ተሰጥቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ማስታወስን፣ በልምምድ መሻሻልን። ታካሚው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አልፎ የመሐሉን ነው የወደቀው። ቁጥር አስደግሞ «ትውስታው ደህና ነው» ብሎ መጻፍ በሆስፒታል ዛሬም የሚደረግ ስሕተት ነው። በኸርፐስ ቫይረስ የመጣ የአንጎል ብግነት ቴምፖራል ክፍሎቹን ይመርጣል፤ ልብ ቆሞ ሲመለስ በኦክሲጅን እጥረት ቀድሞ ከሚሞቱት መካከል የሂፖካምፐስ ሕዋሳት አሉ፤ የታያሚን ቫይታሚን እጥረት ማሚላሪ አካላትንና ታላመስን ይመታል። ሦስቱም ይህን የመሰለ ሰው ሊያስቀሩ ይችላሉ። የሚያጋልጣቸው ከሌላ ሥራ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።

የእንስሳት ሙከራ ይህን ለማሳየት ለምን እንደዘገየም ከዚህ መረዳት ይቻላል። ተመሳሳይ ቁርጥ የተደረገባቸው ጦጣዎችና አይጦች ለዓመታት «ይማራሉ» እየተባለ ተዘግቧል። የተሰጣቸው ሥራ በመደጋገም የሚለመድ፣ ከኮከቡ ጋር እንጂ ከ584 ጋር የማይመሳሰል ነበር። ፈተናው አንድ ጊዜ ያዩትን ዕቃ ከአዲስ እንዲለዩ ሲቀየር ጉድለቱ ታየ።

ለአስታማሚ የሚጠቅመው ደግሞ በሕይወት ያለው የልምድ መንገድ ነው። ታካሚው በእርጅናው በመራመጃ ድጋፍ መሄድን በመደጋገም ተምሯል። ይህ መንገድ ግን ትክክሉንም ስሕተቱንም እኩል ይቀርጻል፤ ተሳስቶ የገመተውን ነገር መሳሳቱን ስለማያስታውስ ሲደግመው ይኖራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው አዲስ ነገር ሲማር «ገምት» አይባልም። ትክክለኛው እርምጃ መጀመሪያ ይታያል፣ አብሮ ይሠራል፣ ዕቃው ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ቅደም ተከተል ይቀመጣል፣ ድጋፉም እጁ ሲለምድ በጥቂት በጥቂቱ ይነሣል።